የሰማይ ሲግናል ነው ወይስ የጎረቤት ሪሲቨር?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ናቸው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ድሮ ስለዚህ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው በአመት አንድ ቢገኝ ነው፣ አሁን ከባህር ዳርና ከጣና ዳርቻ ብቻ አራት መጣልኝ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚገጥሙት አንድ ቦታ ነው፣ በእጃችን ያለው ዳታ ይታመናል ወይ የሚለው ላይ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ ምክንያቱም ብዙ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር እንደምን ከረሙ። እኛ ሽምብጥ አካባቢ የምንኖር አምስት ተማሪዎች ነን። ከቆርቆሮ አንድ አፉ ሰፊ የሆነ እንደ መለከት ያለ አንቴና ሰርተን፣ አምፕሊፋየርና ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሪሲቨር አያይዘን፣ ከጣሪያ ላይ በጠፈር ያለ የሃይድሮጅን ጋዝ በ1420 ሜጋኸርዝ የሚለቀውን ሲግናል እየፈለግን ነው። አንቴናውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያዘነበልን የሰማዩን ካርታ ለመስራት ነው ሀሳባችን። ይኸው 12 ቀን ሙሉ በየማታው ልክ 2 ሰዓት ሲሆን ቀጥ ያለች ሹል ሲግናል ትመጣለች፣ ሁሌም እዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ። ጓደኞቼ ሃይድሮጅን አገኘን ብለው ፌስቡክ ላይ ሊለጥፉት ነው፣ እኔ ግን ልቤ አልሞላም። ካርታችንም እንደ ነጠላ ጥለት መስመር በመስመር ሆኖብናል። ምን እናርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ልብህ አለመሙላቱ ልክ ነው፣ ፖስቱን ለጊዜው አስቁምልኝ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ሰማይ በኛ ሰዓት አይሄድም። መሬት ከከዋክብት አንፃር አንድ ዙር ለመዞር የሚፈጅባት 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ በአንቴናህ ፊት ያለፈ የሰማይ ነገር ነገ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው የሚያልፈው፣ ከነገ ወዲያ 8 ደቂቃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በ12 ቀን 48 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፣ ማለት ሲግናልህ የሰማይ ቢሆን ኖሮ አሁን 1 ሰዓት ከ12 አካባቢ ነበር መምጣት ያለበት። ያንተው ግን 2 ሰዓትን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። በዛ ላይ አንቴናውን በየቀኑ እያዘነበላችሁ ነው፣ የምታዩት የሰማይ ክፍል በየቀኑ እየተቀየረ ሲግናሏ ቅንጣት ካልተቀየረች የሰማይ አይደለችም። የሰው ሰዓት የሚያከብር ነገር ሰው የሰራው ነው።

ይሄው ፈተና በተቃራኒው ደግሞ ትልቅ ነገር አስገኝቷል። በ1967 ካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በርኔል በቀን 30 ሜትር ገደማ የሚተፋ የወረቀት መዝገብ በአይኗ እያየች ትፈትሽ ነበር፣ እዛ ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር የማትሞላ ዝብርቅርቅ ያለች ምልክት አገኘች፣ ሰው የሰራው ረብሻ ነው ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነበር። እሷ ግን ወደኋላ ተመልሳ መዝገቡን ስታገላብጥ ምልክቷ የምትመጣው በከዋክብት ሰዓት ሆነች። የመጀመሪያዋ ፑልሳር (እየተሽከረከረች የራዲዮ ምት የምትልክ የሞተ ኮከብ ቅሪት) ናት፣ በየ1.3 ሰከንዱ የምትመታ። እሷን ለመለየት የዋለው ጥያቄ ነው ያንተን ሲግናል የጣለው።

ታዲያ ማታ 2 ሰዓት ምንድነው ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሆነው? እኔ የምጠረጥረው ዜናውን ነው። በ2 ሰዓት ዜና ሰፈሩ ሁሉ ቲቪ ይከፍታል፣ ከቲቪው ጋር የዲሹ ሪሲቨር ይከፈታል። ዲሽ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ፊቱ ላይ የተተከለችው መቀበያ) ከሳተላይት የተቀበለውን ወደ ታች ሲልከው ቀይሮ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው በገመዱ የሚያወርደው፣ የናንተ 1420 መሀሉ ላይ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ገመዱ ጫፉ በደንብ ካልታሰረ ወይ በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ (ስንቱ ጣሪያ ላይ እንደዛ ነው) ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ይሄ ሰፋ ያለ ጉብታ ይሰጥሀል። ሹሏን ቀጭኗን ደግሞ ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ሊያወጣት ይችላል። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ በአለም አቀፍ ስምምነት ለአስትሮኖሚ የተጠበቀ ነው፣ ማንም እዛ ላይ እንዳያሰራጭ ተከልክሏል፣ ግን የሚያፈስ ገመድ እያሰራጨሁ ነው ብሎ አያስብም።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስወጣም። ጎረቤቶቻችሁን እባካችሁ ዛሬ 2 ሰዓት ላይ ለአምስት ደቂቃ ዲሹን ከሶኬት ንቀሉልን በሏቸው፣ ቡና እየጠጡም ቢሆን ይተባበራሉ። ከዚህ የበለጠው ግን መብራት የጠፋ ማታ ነው። ሌላው ሰው ሲማረር እናንተ ላፕቶፑን በባትሪ አድርጋችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ፣ ጀነሬተር ከመነሳቱ በፊት ያለችው ጊዜ ወርቅ ናት፣ ኤልኢዲ አምፖሉም ቻርጀሩም ቲቪውም ፀጥ ይላል። መብራት እያለ የነበረና ሲጠፋ አብሮ የጠፋ ነገር ካለ ከየት እንደነበር አወቃችሁ።

እውነተኛው ሃይድሮጅን ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገርህ። ሹል አይደለም፣ ሰፊ ነው። የጋላክሲያችን ጋዝ ከፊሉ ወደኛ ከፊሉ ከኛ እየሸሸ ይሄዳል፣ በሰከንድ በእያንዳንዱ 1 ኪሎሜትር የፍጥነት ልዩነት ፍሪኩዌንሲው 4.7 ኪሎኸርዝ ያህል ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ፍኖተ ሐሊብ ላይ ስታነጣጥሩ በመቶዎች ኪሎኸርዝ የሚሰፋ፣ አንዳንዴ ሁለትና ሶስት ጉብታ ያለው ኮረብታ ነው የምታዩት፣ አቅጣጫ ስትቀይሩም ቅርፁ ይቀየራል። መሬት ራሷ ፀሀይን በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ገደማ እየሮጠች ስለምትዞር ያው ኮረብታ በመስከረምና በመጋቢት እኩል ቦታ ላይ አይገኝም። ልክ መሀል ላይ ንቅንቅ የማትል እሾህ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሪሲቨሩ የራሱ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ ከመጀመራችሁ በፊት አርጉልኝ፣ አንቴናውን ወደ መሬት ድፉት። መሬት ሞቃት ናት፣ ሰማዩ በዚህ ፍሪኩዌንሲ እጅግ ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ወደ መሬት ሲዞር ፓወሩ በግልፅ ከፍ ማለት አለበት። ካላለ ወይ አምፕሊፋየራችሁ ደክሟል ወይ የሆነ የስልክ ማማ አጥለቅልቆታል፣ የዛን ማታ የሰበሰባችሁት ካርታ ላይ አይግባ።

አሁን ጥለቱ። ካርታህ መስመር በመስመር የሆነው እያንዳንዱ መስመር የተለያየ ቀን ስለሆነ ነው። አምፕሊፋየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚያጎላበት መጠን ይቀየራል፣ እናንተ ደግሞ ያስቀመጣችሁት ቀን ሙሉ ፀሀይ የበላው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው፣ አንድ ማታ ዝናብ ዘንቦ ቀዝቅዞ ነበር፣ በማግስቱ ሞቆ ነበር፣ ሰማዩ ሳይቀየር ቁጥሩ ተቀየረ። መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛ በየ10 ደቂቃው መጠኑ የማይቀየር ነገር እዩ፣ ለምሳሌ መሬቱን ወይ ለዚህ ተብሎ የሚሰካ ሬዚስተር፣ የማታውን መውጣትና መውረድ በሱ ታስተካክላላችሁ። ሁለተኛው ደስ የሚለኝ ነው፣ ሰማዩን ባንድ አቅጣጫ ብቻ አትሸፍኑት፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የሚያቋርጡ ሌሎች መስመሮች ጨምሩበት፣ ሁለቱ በተገናኙበት ነጥብ ላይ ሰማዩ አንድ ስለሆነ ቁጥሩም አንድ መሆን አለበት፣ ልዩነቱ የመሳሪያው ስህተት ነው ተብሎ ይቀነሳል። የሙያው ሰዎች ይሄን ዘዴ ስሙን ራሱ የቅርጫት ሽመና ነው የሚሉት። ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ደንገሉን ታንኳ ሲያረጉት እዩ፣ ማሰሪያው እስኪያቋርጠው ድረስ እያንዳንዱ ዘንግ ለብቻው ልቅ ነው።

ሰዓት አፃፃፋችሁን አደራ። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለው ላፕቶፑ ላይ 20፡00 ነው፣ በአለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 17፡00። አንዱ በደብተር በኛ አቆጣጠር ሌላው ከኮምፒዩተሩ ከፃፈ ካርታችሁ በ6 ሰዓት ማለትም በ90 ዲግሪ ይሳሳታል፣ ማንም ደግሞ ከወር በኋላ አያስታውሰውም። በአለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ፃፉ፣ ከጎኑ ዝናብ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ጀነሬተር ነበር እያላችሁ። ያቺን የ2 ሰዓት ሲግናል ደግሞ ከፋይሉ ላይ አትሰርዟት። ምልክት አርጉባትና ከካርታው አውጧት እንጂ ጥሬው ዳታ እንዳለ ይቀመጥ፣ ነገ ሌላ ሰው ተሳስታችኋል ቢላችሁ የምታሳዩት እሱ ነው።

ከከተማው መውጣት ከቻላችሁ ዘጌ ጥሩ ነው፣ ግን ጫካው ውስጥ አትግቡ፣ ዛፍ እንደ መሬቱ ሞቃት ስለሆነ የራሱን ኖይዝ ይጨምራል፣ ሰማዩ ገለጥ ያለበት ዳርቻ ላይ ሁኑ። ወደ ጢስ አባይ ከሆነ ከኃይል ማመንጫውና ከትልልቆቹ ሽቦዎች ራቁ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የደቡብ አፍሪካውን የሚርካት ራዲዮ ቴሌስኮፕ ዳታ ከአርካይቭ አውርጄ ነው የምሰራው። አውቶማቲክ ፕሮግራሙን ሳስኬደው ከዳታው 40 በመቶውን መጥፎ ነው ብሎ ፍላግ አረገብኝ። ይሄን ያህል መጣል ጤነኛ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ ፍላጉን ቀንሺው፣ ዳታ በበዛ ቁጥር ይሻላል ይለኛል። ግራ ገባኝ። (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ 40 የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም፣ የትኛው 40 እንደሆነ ነው ማየት ያለብሽ። ሚርካት 64 ዲሽ አለው፣ ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 2016 ጥንድ ይሆናሉ፣ 4096 ቻናልና (የፍሪኩዌንሲ ክፍልፋይ) 4 ፖላራይዜሽን (የሞገዱ የንዝረት አቅጣጫ ጥምረት) ስትጨምሪበት በየ8 ሰከንዱ ከ33 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ነው የምትቀበይው። ይሄን በአይን አይቶ የሚጨርስ የለም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ግድ ነው። ግን ስዕሉን አውጪው፣ ፍላጉን በፍሪኩዌንሲ ዘርግተሽ እዪው። ጂፒኤስና መሰሎቹ 1227 እና 1575 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይጮሃሉ፣ የሞባይል ኔትወርክ ከ900 ከፍ ብሎ አለ፣ አውሮፕላኖች 1090 ላይ። የተጣለው እዛ ላይ ከተከማቸ ፕሮግራምሽ ስራውን ሰርቷል። አጫጭር ጥንዶች ላይ ቢበዛም የሚጠበቅ ነው፣ ረብሻ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተጠጋግተው የቆሙትን ዲሾች ነው። ንፁህ መሆን ባለበት ቻናል ላይ ወይ አንድ ዲሽ ላይ ብቻ ተከምሮ ካየሽው ግን ቁሚ፣ ዲሹ የራሱ ችግር አለበት ወይ ካሊብሬሽኑ (የመሳሪያው ልኬት ማስተካከያ) ተበላሽቷል።

የጓደኛሽን ምክር አልቀበለውም። እውነተኛ ኖይዝ (በዘፈቀደ የሚወጣና የሚወርደው) ሰዓት ስትጨምሪ ይቀንሳል፣ በ4 እጥፍ ሰዓት ግማሽ ይሆናል። ረብሻ ግን አይቀንስም፣ አብሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዳታሽን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት እያረግሽ ምስል ስሪና የኖይዙን መጠን ለኪ፣ እንደሚጠበቀው መውረዱን ካቆመ ውስጡ ያልታየ ነገር አለ።

በሌላው በኩል ደግሞ ያለው አደጋ በራሴ የደረሰ ነው። ተማሪ እያለሁ አንድ የሃይድሮጅን ዳታ ላይ ሶስት ሳምንት ሰርቼ ምንም የለም ብዬ ለአማካሪዬ ፃፍኩ፣ ተቀብሎኝም ነበር። አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፍላጉን በሙሉ አንስቼ ጥሬውን ከፈትኩት፣ የጋላክሲያችን ሃይድሮጅን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ከሰፊው ዳታ አንፃር ጠባብና ደማቅ የሆነውን ሁሉ ረብሻ ነው ብሎ ስለሚያስብ የምፈልገውን ራሱን ነበር ሲበላብኝ የከረመው። የዛን ማታ የተሰማኝን አልረሳውም፣ ጥሬው ዳታ ባይቀመጥ ኖሮ የለም ያልኩት የለም ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ 1420 አካባቢ የምትፈልጊውን መስመር ለፕሮግራሙ እዚህ አትንካ በይው፣ መጀመሪያ ሻካራውን ፍላግ፣ ከዛ ካሊብሬሽን፣ ከዛ እንደገና ፍላግ፣ እያንዳንዱን የፍላግ ደረጃ በስሙና በቀኑ ለየብቻ አስቀምጪ።

የፓርክስን ታሪክ ካልሰማሽ ደግሞ ይጠቅምሻል። አውስትራሊያ ያለው ይሄ ቴሌስኮፕ ለአመታት ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ፍንዳታ የሚመስሉ አጫጭር ሲግናሎች ያገኝ ነበር፣ ፔሪቶን ይሏቸዋል። በ2015 ምንጩ ታወቀ፣ የግቢው ማይክሮዌቭ ነው፣ ሰው ሳይጨርስ በሩን ሲከፍተው የሚወጣ። ሊታወቅ የቻለው ያንን የማይመች ዳታ ስላልጣሉትና በስራ ሰዓት ብቻ እንደሚመጣ ስላዩ ነው።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የራዲዮ ሰርቬይ (ሰፊ የሰማይ ቅኝት) ምስሎችን ከኢንተርኔት አውርጄ አሳያለሁ። አንዱን ጋላክሲ ኤንቪኤስኤስ በሚባለው ሰርቬይ አንድ ድቡልቡል ነገር ሆኖ አየሁት፣ ፈርስት በሚባለው ግን ሁለት ሆነ፣ ድምቀቱም አነሰ። ሁለቱም በአንድ ቴሌስኮፕ የተሰሩ ናቸው ይላል። የቱን ልመን? ሌላ ደግሞ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የተሰራ ምስል ላይ ቦታው ትንሽ ተንሸራትቷል። (የፊዚክስ መምህር)

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ መምህር። በርግጥ ሁለቱም ኒው ሜክሲኮ በሚገኘው ቪኤልኤ፣ በ1.4 ጊጋኸርዝ ነው የተሰሩት፣ ግን የዚህ ቴሌስኮፕ 27 ዲሾች በሀዲድ ላይ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ለኤንቪኤስኤስ ተጠጋግተው ነበር፣ 45 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ያህል ነው የሚለየው፣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ምንጭም መዝግቧል። ለፈርስት ተራርቀው ስለነበር እስከ 5 የቅስት ሰከንድ ያሳያል። የተራራቁ ዲሾች ዝርዝሩን ያወጡታል፣ ሰፊ ሆኖ የፈዘዘውን ግን ጨርሶ አያዩትም፣ ድምቀቱ ያነሰው ለዛ ነው፣ የጎደለው ብርሃን ጠፍቶ ሳይሆን መረባቸው ስላልያዘው ነው። ተማሪዎችዎን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወስደዋቸው ከሆነ እንዲህ ይበሏቸው፣ በሩ ላይ ሆኖ የሚያይ ግድግዳው ሙሉ ስዕል መሆኑን ያያል የፊቶቹን መስመር ግን አይለይም፣ አፍንጫው ግድግዳው ላይ እስኪደርስ የተጠጋ የአይኑን ጠርዝ ያያል ትልቁን ምስል ግን አያገኘውም። ድምቀት ሲያነፃፅሩ ታዲያ በጨረር ስፋት (መለየት በሚችሉት ትንሹ ስፋት) እኩል ያልሆኑ ሁለት ሰርቬዮችን ቁጥር በቀጥታ አይቀናንሱ።

ሌላው የሚዛኑ ነገር ነው። ሰርቬይ ሁሉ ድምቀቱ በሚታወቅ ምንጭ ነው የሚስተካከለው፣ ለምሳሌ 3ሲ 286 በሚባለው፣ ነጋዴ ሚዛኑን በአንድ ኪሎ ብረት እንደሚፈትሸው። ይሄ ከተዛባ ሰርቬዩ ሙሉ ይዛባል። በ2017 የወጣው የህንዱ ጂኤምአርቲ ቴሌስኮፕ የ150 ሜጋኸርዝ ሰርቬይ ከሌላ ሰርቬይ ጋር ሲነፃፀር የድምቀት መለኪያው ከሰማይ ቦታ ቦታ እንደሚለያይ ታይቶበታል፣ አሁንም የሚጠቅም ሰርቬይ ነው፣ ግን አንድ ቁጥር ነጥሎ ከሱ ከመውሰድ በፊት ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል።

የተንሸራተተው ደግሞ አዮኖስፌር ነው። ከላያችን ያለው በኤሌክትሮን የተሞላ ሽፋን የራዲዮ ሞገድን ያጎብጣል፣ ፍሪኩዌንሲው ባነሰ ቁጥር በጣም ይብሳል፣ ግማሽ ሲሆን ጉብጠቱ አራት እጥፍ ነው። እኛ እዚህ የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ስለሆንን ከፀሀይ መጥለቅ በኋላ ይሄ ሽፋን አረፋ አረፋ እየሰራ ይበጣበጣል፣ ጂፒኤስ እንኳን ይረበሻል፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ባህር ዳር ላይ ይሄን የሚያጠኑ ሰዎች መኖራቸው በአጋጣሚ አይደለም፣ ተማሪዎችዎ ቴሌስኮፕ ባይኖራቸውም ሁለት ፍሪኩዌንሲ በሚቀበል ጂፒኤስ ሪሲቨር ዳታ ይሄን በራሳቸው ማየት ይችላሉ። እንዲሞክሩት በጣም እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ከባህር ዳር ዘጌ እመላለሳለሁ። የሆኑ ልጆች አንድ የቆርቆሮ ነገር ይዘው ተሳፈሩና ሲያወርዱት ሞተር አጥፋ፣ ስልክህንም አጥፋ አሉኝ። የኔ ሞተር ሰማይ ድረስ ምን አገባው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ እውነታቸውን ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭታው በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ አጭር የራዲዮ ጩኸት ይለቃል። ሰማይ ድረስ አይሄድም፣ ችግሩ አንቴናው አጠገብ መሆኑ ነው፣ የሰማዩ ሲግናል እዚህ ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ጩኸት ይሸፍነዋል። ስልክዎንም መዝጋት ካልፈለጉ በአውሮፕላን ሞድ ያርጉት፣ አጠገቡ ሆኖ ኔትወርክ ሲፈልግ አምፕሊፋየራቸውን ያጨናንቀዋል። ጀልባዋን ራቅ አርገው ያስሯት። አንድ ነገር ደግሞ እርስዎ ሊያግዟቸው ይችላሉ፣ የትኛው ጀልባ ስንት ሰዓት ላይ በዛ በኩል እንደሚያልፍ፣ የመጨረሻዋም መቼ እንደምትገባ ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ይንገሯቸውና ደብተራቸው ላይ ይፃፉት።